ዳጉ የሚጠይቀኝ ሰው

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2009

ወደቅሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ፈተና ወደቅሁ።

ደግሞ እኮ ፈገግ ብዬ ነበር የገባሁት። ዶክተሯ ሂቦ ትባላለች፤ የዚሁ የጅቡቲ ልጅ፣ ሶማሌ፣ ውጭ ተምራ የመጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ልጄ ሀዋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፈተናው በፈረንሳይኛ ነው ሲሉኝ ምን ገዶኝ አልኩ። አርባ ዓመት ወደቡ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ መሀል ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ቀኑን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አሁን ስንት ሰዓት ይመስልዎታል አለችኝ። በመስኮቱ ፀሐይዋን አየት አድርጌ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ሀዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጭብጥ አደረገች። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ከዚያ ሰዓት ይሳሉልኝ፣ ዘንጎቹም አሥራ አንድ ከአሥር ይበሉ አለችኝ። ሳልኩ፤ አሳምሬ ነው የሳልኩት። ከዚያ የእንስሳ ስም ቶሎ ቶሎ ይጥሩ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በሬ በአማርኛ መጣ፣ ግመል በአፋርኛ፣ ድመት በሶማሊኛ፤ ሁሉም የወደቡ በር ላይ እንደቆሙ ከባድ መኪኖች ተጋፍተው አንዱም አላልፍ አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በመጨረሻ ስለ አንዲት ሴትና ስለ ጠፋች ፍየሏ አጭር ወሬ አነበበችልኝና መልሰው ይንገሩኝ አለችኝ። ሴትየዋ ትዝ አለችኝ። ፍየሏም። የቀረው በረረ።

ወደዚህ ፈተና ያመጣኝ የራሴ እግር ነው። ባለፈው ወር ከመስጊድ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝኩና አምቡሊ ሰፈር ወረድኩ። ከባለቤቴ ከዘሀራ ጋር የኖርንበት ቤት በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። የማላውቃት ሴት ከፈተችልኝ። ዘሀራ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ እኔም ካርቲየ 2 ሰፈር ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። ሴትየዋ ደግ ናት፣ ውሃ ሰጥታ ሀዋ ጋ ደወለችልኝ።

ታክሲ ውስጥ ሀዋ፣ «አባ፣ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀን እኔ ጋ ትገባለህ» አለችኝ። የሷ ቤት ጥሩ ቤት ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል። ባሏም ልጆቿም የሚያወሩት ፈረንሳይኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ለየስልካቸው ነው የሚያወሩት። እዚያ ገብቼ ዝም ብዬ እንደምሞት አውቃለሁ። ይህን አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

አገኘሁት። የትናንቱን ማስታወሻ ላነብ ደብተሩን ስከፍት፣ ቀኑ አናት ላይ ተጽፏል።

2009 አልኳት! ልጅቷ በፈረንሳይኛ ዓመቱን ስትጠይቀኝ ሁለት ሺህ ዘጠኝ አልኳት። የነሱ 2017 ነው። ቀኑ አራት ነው አልኳት፤ የነሱ አሥራ አንድ ነው። ሰዓቱን ሦስት አልኳት፣ እሷ የምታውቀው ዘጠኝ ነው። የሳልኩት ሰዓትም ያው ነው፤ አሥራ አንድ ስትለኝ የኛን አሥራ አንድ ሳልኩላት። ሽማግሌው ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ፣ ቀንና ሌሊት ተምታቶበት ታያት። ምን ታድርግ?

ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤት ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የደሴዋ ጽጌ በረዶ ይዛልኝ ስትገባ ስስቅ ደረሰችብኝ። ነገርኳት። «እንኳንም በኛ አሏት ጋሽ ይማም፣ ስምንት ዓመት ወጣት ሆነው ወጡ» አለችኝ። እንደዚህ ነው መጽናናት።

ሀዋ ጋ ደወልኩ። እሷ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ስለሆነች የኛ አቆጣጠር ትዝም አላላትም። መጀመሪያ ሳቀች።  ከዚያ፣ «አባ፣ ግን አንተ በፈረንሳይኛ ስትናገር በዚያ ተሳስተህ አታውቅም እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። አርባ ዓመት ስንት የመርከብ ወረቀት በእጄ አልፏል፤ አንድም ጊዜ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ወደ ፈረንሳይኛ ስገባ የኛን ሰዓት በር ላይ እንደ ጫማ አውልቄ ነበር የምገባው። ትናንት ከነጫማዬ ገባሁ።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። በረዶውም እጄ ላይ ቀለጠ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደቡ አጠገብ አንድ ትራንዚት ቢሮ በር ላይ እቀመጣለሁ። የሚከፍለኝ ይከፍለኛል፣ የማይከፍለኝ ሻይ ይገዛልኛል።

ዛሬ አንድ የኛ ሾፌር ኮንቴይነሩ ተይዞበት መጣ። ገባን። የቢሮው ሠራተኛ በፈረንሳይኛ አስረዳኝ፤ እኔም ወደ ሾፌሩ ዞሬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በፈረንሳይኛ መልሼ አስረዳሁት። ምስኪን በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞርኩና በአማርኛ ቀጠልኩ። ሠራተኛው፣ እንደ ፈረንሳዮቹ አቶን ሙሴ ብሎ፣ «ሙሴ ይማም፣ ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። 

ለዚህ ሥራ አንድ ደንብ አለኝ፣ ሀዋንም በልጅነቷ ያስተማርኳት። አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም። ሰውዬው «ተርቤያለሁ» ካለ አንተም «ተርቤያለሁ» ነው የምትለው። ሰውዬው ሲቆጣ ትቆጣለህ፣ ሲያዝን ታዝናለህ። ለዚያች ደቂቃ አንተ የለህም። ያኔ የቱ ቋንቋ ለማን እንደሆነ የሚጠብቅልኝ አንድ ዘበኛ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ይይዛል። እኔ ሳልጠራው ይሠራል።

ዛሬ ዘበኛው አንቀላፍቷል። ሙቀቱ ይሆን? ሙቀቱ ያድርገው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 7

ከጁምዓ መልስ መብራት ጠፋ። የበረሃው ነፋስ ካምሲን ይነፍሳል፤ አቧራው ቡናማ አድርጎታል ከተማውን። ቀን ነው ግን ቀን አይመስልም። ጫት የሚቅመው ቅሞ ተጋድሟል፣ የማይቅመውም ተጋድሟል። እኔም እርጥብ ሽርጥ ደረቴ ላይ ጥዬ ተኛሁ።

ዘሀራን አየኋት። የአምቡሊው ቤት ነው፣ ግን ባሕሩ በሩ ድረስ መጥቷል። ውሃው አይንቀሳቀስም። እሷ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች፤ ቀስ ብላ ዞረችና በአፋርኛ፣ «እሺ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ኧረ እንዴት ነገርኳት። አፋርኛው ከአፌ እንደ ውሃ ይወርዳል። ነፋሱን ነገርኳት፣ ሾፌሩን፣ የዶክተሯን ፊት፣ የጽጌን በረዶ። እያንዳንዱን በተራው። እሷም እንደ ልማዷ በየመሀሉ እህ ትለኛለች።

ነቃሁ። ከንፈሬ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ቃሉ ግን የለም።

አፋሮች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ መንገዱ ምን ይመስላል፣ ማንን አገኘህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ በቅደም ተከተል። ዳጉ ነው ስሙ። ዘሀራ የታጁራ ልጅ ናት። ከተጋባን ጀምሮ ከወደብ ስመለስ ዳጉ ሳልሰጣት ምሳም እራትም አታቀርብልኝም ነበር። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ፣ በልጅነቴ ገበያ ላይ አፋርኛ ሰምቻለሁ፤ ያወራሁት ግን በሷ ነው። መጀመሪያ እንደ ልጅ እየተንተባተብኩ፣ በኋላ እንደ ሰው። ቀኑን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ያየሁትን ሁሉ ማታ በሷ ቋንቋ እንደገና እኖረው ነበር። የረሳሁት ካለ ታውቅብኛለች። «መሀሉ ጎደለ፣ ተመለስ» ትለኛለች።

እሷ ከሞተች ወዲህ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። ደብተር ግን ተመለስ አይልም።

ናፍቃኛለች። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ዛሬ ራሴን ፈተንኩ። በአፋርኛ የቀረኝ፦ ሰላምታው። ውሃ፣ ወተት፣ ፍየል፣ ግመል፣ ዝናብ። የስድብ ቃል አልሐምዱሊላህ ሁሉም አለ። ነፋስ፤ እሱም ቢሆን በሚነፍስበት አቅጣጫ የሚለያዩ ስሞቹን ረስቻለሁ። «ተመለስ»። «ብላ»። «አትኩራብኝ»።

አንዲት ቃል አጣሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሙቀቱ ስብር ሲል፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ በር በሩ ላይ የሚቀመጥባት ሰዓት አለች። ዘሀራ ለሷ ስም ነበራት። አንዲት ቃል ናት። ያንን ቃል ስትል እኔ ሰሌን እዘረጋለሁ። በአማርኛ የለንም፣ በፈረንሳይኛም የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አልወርድም አለች።

ከሰዓት ሀዋ ካርቶን ይዛ መጣች፣ ለዕቃ ማሰሪያ። ደህና ነህ አባ፣ በላህ አባ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ አባ። ሁሉንም በፈረንሳይኛ። ስልኳ ጠራ፣ ሄደች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ትፈራለች። እኔ ስፈራ እቆጣለሁ፣ እሷ ስትፈራ ካርቶን ታመጣለች።

ሀዋ የቀኑን ነገር ነግራት፣ ዶክተሯ እንደገና ልታየኝ ፈቅዳለች ብላኛለች። ማክሰኞ። ቢበላሽ ግን ካርቶኖቹ ዝግጁ ናቸው።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

የታጁራ ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ወረድኩ። ከካርቲየ 2 ሩቅ አይደለም፤ አራት ዓመት ግን ሄጄ አላውቅም። ለምን? እንጃ። እዚያ የሚሰማው የሷ ቋንቋ ስለሆነ ይመስለኛል።

አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናል። በአፋርኛ ሰላም አልኩት። ቀና ሳይል ሰላም አለኝ፤ ከዚያ መረቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ወደ ጎን ጠጋ አለልኝ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ።

ወላሂ እንባዬ መጣ። ደግነቱ ካምሲን ነው፣ ሁሉም ዓይኑን ያሻል።

ጀመርኩ። ተንተባተብኩ። አንዳንዱ ቦታ ላይ በሶማሊኛ ረገጥኩ፣ አንዳንዱን በእጄ አሳየሁ። ሰውዬው አልቸኮለም፤ እህ ይለኛል። ለካ ቋንቋው አልሞተም፣ ተኝቶ ነው። አንዱ ቃል ሲነቃ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። የፍየል መንጋ ስል ግልገሏ መጣች፣ ግልገሏ ስትመጣ እረኛዋ፣ እረኛዋ ስትመጣ ነፋሱ። ባሕሩ ደግሞ እንደ ሕልሙ ቀጥ ብሎ ነበር። የቱ ዓርብ፣ የቱ እሑድ እንደሆነ ለጊዜው ጠፋኝ። ይህ መጥፋት ግን አላስፈራኝም።

ያቺን ቃል ጠየቅኩት። ሦስት አራት ቃል ሰጠኝ። አንዱም የሷ አይደለም። «ምናልባት የእናቷ ቤት ቃል ነው፣ ቤቱን ብቻ የሚያውቅ» አለኝ። በቃ፣ እንግዲህ ከቤቱ ማን ቀረ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 10

ምንም አልሠራሁም። ፈራሁ። ጽጌ፣ «አብሽሩ ጋሽዬ» አለችኝ፤ ደሴ ያለሁ መሰለኝ። ካርቶኖቹን ግድግዳው ጋ ገፋኋቸው፣ እንዳላያቸው። ይታያሉ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11

ሁለቱንም ዓመት ነገርኳት፣ የነሱንና የኛን። ዶክተር ሂቦ ሳቀች። «እኔ ነኝ በአንድ በር ብቻ ያንኳኳሁት፤ ዛሬ በፈለጉት ቋንቋ ይመልሱ» አለችኝ። ልቤ ረጋ።

እንስሳቱን ጠራሁ። እንደመጡ ለቀቅኳቸው፣ ማንንም ተራ አላስያዝኩም። አማርኛው ከአፋርኛው ጋር፣ ሶማሊኛው ከፈረንሳይኛው ጋር ተያይዞ ወጣ። ጅብን ሁለቴ ጠራሁት መሰለኝ፣ በሁለት ስም። ይቁጠሩት።

ከዚያ ወሬውን አነበበችልኝ። ዛሬ ፍየል የለችም፤ አንድ ሰው ሬዲዮኑን ሊያሠራ በጀልባ ይመጣል፣ ነፋስ ይይዘዋል፣ የሚያውቃት ሴት ቤት ያድራል፣ ሲመለስ ሬዲዮኑን ይረሳል። እኔም፣ «በአፋርኛ ልንገርሽ? ሀዋ ታስተረጉማለች» አልኩ። ሀዋ አየችኝ። ከእናቷ ጋር እንጂ ከኔ ጋር አፋርኛ ተናግራ አታውቅም። እኔ የናቷን ወንበር መንካት መስሎኝ፣ እሷም የኔን ሐዘን መንካት መስሏት፣ ሁለታችንም ሳንነካው አራት ዓመት።

እንደ ዳጉ ጀመርኩ። ሰውዬው ከየት ተነሳ፣ ባሕሩ ምን ይመስል ነበር፣ ማንን አገኘ። በተራ። ሀዋ ከኋላዬ በፈረንሳይኛ ትከተለኛለች። አርባ ዓመት የሰው አፍ ሆኜ ስኖር ሰው የኔ አፍ ሆኖልኝ አያውቅም ነበር። ደስ ይላል። መሀል ላይ የሴትየዋን ቤት ዘልዬ ሄድኩ፤ ራሴው አወቅሁት፤ ተመለስኩ። ሬዲዮኑንም አልረሳሁትም። የረሳው እሱ ነው።

ዶክተሯ ጻፈች። ቀና ብላ፣ «እንደዚህ ማውራት መቼ አቆሙ?» አለችኝ። እኔም እዚያው አፋርኛው ውስጥ ነበርኩ፣ በአፋርኛ መለስኩላት።

ሀዋ ደንቡን ታውቃለች። ራሴ ነኝ ያስተማርኳት። ስናገር የሰማችውን እንደ ራሷ ልትል አፏን ከፈተች። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ…» አለች። የገዛ እናቷን ሚስቴ አለቻት። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው…»

እዚያ ላይ ቆመች። ዶክተሯ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ፤ አስተርጓሚ ሲቆም ጣልቃ አይገባም። ሀዋ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ከዚያ ጨረሰችው። «…የለኝም» አለች።

ዶክተር ሂቦ አልዋሸችንም። በቀስታ አስረዳችን። ብዙ ቋንቋ ሲያገላብጥ የኖረ አእምሮ፣ አንዱን ለመክፈት ሌላውን ለመያዝ ቀን ከቀን ስለሚታገል ሳይበረታ አይቀርም ይባላል፤ በሽታው ቢመጣ እንኳ ዘግይቶ ይታይበት ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም አለች። «የኔ ችግር ግን ይኼ ነው ሙሴ ይማም፤ ብርታትዎ ራሱ ሊደብቅብኝ ይችላል። ምንም የለም አልልም። ትንሽ ነገር ጀምሮ ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ እናያለን። እስከዚያ ያውሩ።»

ያውሩ። መድኃኒቱ እሱ ነው እንግዲህ፣ ፋርማሲ የማይሸጠው።

ከሀዋ ጋር በታክሲ ተመለስን። ቤት ስታደርሰኝ ካርቶኖቹን አየቻቸው። «የቤቱ ነገር እስከሚቀጥለው ምርመራ ይቆይ» አለች። ካርቶኖቹን ግን አልወሰደቻቸውም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12

ካምሲኑ ዛሬ ደከም አለ። ከሰዓት በኋላ ተኛሁ፣ ምንም አላየሁም። ስነቃ ሀዋ በር ላይ ቆማለች። ብቻዋን። ስልኳን አላየሁም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ይሆናል፤ ቢጠራም አልሰማሁም።

ጫማዋን አወለቀች። ሰሌኑን ራሷ ፈልጋ አውጥታ በሩ ላይ ዘረጋችው። ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። እግሯ የእናቷ ነው፣ ዛሬ ነው ያየሁት። ከዚያ በአፋርኛ፣ ትንሽ እያፈረች፣ «እሺ አባ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጠዋት ጽጌን፣ ጽጌ ለአሠሪዎቿ ልጅ አማርኛ ማስተማሯን፣ ልጁ መጀመሪያ የያዘው እምቢ የሚለውን እንደሆነ። ቢሮው ጋ የመጣውን ሾፌር፣ ዛሬ ማንን በምን እንዳናገርኩ፤ አልተሳሳትኩም። አንዴ ልሳሳት ነበር፣ እሱንም ነገርኳት። ከመስጊድ ስወጣ የአምቡሊውን ሚኒባስ አይቼ እግሬ ሊሳፈር እንደዳዳው፣ ቆሜ ሳስብ እንዳለፈኝ። ይህን ለደብተሩም ልነግረው አላሰብኩም ነበር። ፊቷ ተለወጠ። ግን አልተነሳችም። «ከዚያስ» አለችኝ። ዳጉ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም፣ እናቷ አስተምራታለች።

እሷም ደግሞ ብዙ ቃል ጠፍቶባታል። እኔ ሰጠኋት። እኔ የጠፋብኝን እሷ ሰጠችኝ። ሁለት ለማኞች የተቃመሱ ይመስላል፣ ግን ጠገብን።

ፀሐይዋ ወደ ወደቡ ዝቅ አለች። ነፋሱ ዞረ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ከየበሩ ወጣ፣ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ሰሌን ይዞ። ሀዋ ወሬዬን አቋርጣ መንገዱን አየችና፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ ያቺን ቃል አለቻት። የእናቷን ቃል። እኔ ሳልጠይቃት።

ደግሜ አስባልኳት። ሳቀችብኝና ደገመችልኝ።

እዚህ ልጽፋት ብዕሬን አንስቼ ነበር፣ እንዳትጠፋብኝ። ተውኩት። ነገም እመጣለሁ ብላለች። ብትጠፋብኝ እጠይቃታለሁ።